ጀፎረው ላይ ያነበብኩት ሌላ፣ የጻፍኩት ሌላ

ጠበቃን የሚያበላሸው ገንዘብ ነው ይባላል። ውሸት ነው። ሃያ ዓመት ያህል በጥብቅና ስኖር በገንዘብ ተበላሹ የተባሉ ጠበቆች አይቻለሁ። እነሱ ሲጀመርም ጠበቃ አልነበሩም፤ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ሱቃቸው ፍርድ ቤት አጠገብ ስለተከፈተ ብቻ ጠበቃ ተባሉ። ሥራውን የሚወደውን፣ አንቀጽ ሲያገላብጥ ምሳ የሚረሳውን ጠበቃ የሚያበላሸው የራሱ ጉብዝና ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። እኔ ራሴ የተበላሸሁት እንደዚያ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ቴሌቪዥን ነው። ባለፈው ዓመት ቡታጅራ ውስጥ ሰው ሁሉ ሥራ ጥሎ የሚያየው አንድ የወንጀል ድራማ ነበር። ድራማው ውስጥ አንድ ጠበቃ አለ፤ ሌባ ያስፈታል፣ ምስክር ያስጠፋል፣ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ቀልድ አያልቅበትም። ተመልካች ወደደው። ስለተወደደ ደግሞ የቀድሞ ታሪኩን ለብቻው ሊሠሩለት ተነሱ፤ ጠበቃው ከመበላሸቱ በፊት ማን ነበር፣ እንዴትስ ተበላሸ የሚለውን። የድራማው ደራሲ፣ ጸጉሩን ያንጨፈረረ ትሑት ወጣት፣ ፈቃዱን በገዛ እጁ የመለሰ ጠበቃ አለ ተብሎ እኔን ፍለጋ ከአዲስ አበባ መጣ።

«ጋሼ፣ ሰው እንዴት ነው የሚበላሸው?» አለኝ ሻዩ ሳይቀርብ።

«ቃለ ጉባኤ ሲጽፍ» አልኩት።

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ከዚህ በታች የምጽፈውን ታሪክ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ፤ ማስታወሻም ያዘ። ስጨርስ ደብተሩን አጠፈና፣ «ጋሼ፣ በጣም ያሳዝናል። ግን አይታይም» አለኝ።

«ምኑ ነው የማይታየው?»

«ሰውዬው ቁጭ ብሎ ይጽፋል እኮ። ካሜራው ምን ያንሳ? እስክሪብቶ?»

ድራማው ወጣ። ለጠበቃው የታመመች እናት ፈጠሩለት። ጥቁር ቦርሳ መጣ፣ ሽጉጥ መጣ። ቦርሳውን ሲቀበል ዝናብ እንዲዘንብ አደረጉ። የእኔ ስም መጨረሻ ላይ ከሾፌሮቹ በላይ «የሕግ አማካሪ» ተብሎ ሽው አለ። በማግስቱ ካፌ ውስጥ አንድ የማውቀው ዳኛ፣ ሰው የሚያስር፣ ሰው የሚፈታ ዳኛ፣ እንባ ባቀረረ ዓይን፣ «ምን ያድርግ ታዲያ፣ እናቱ ናት እኮ!» አለ። ጠረጴዛውን የከበበው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። በሁለቱም ድራማ ውስጥ በዚያ ጠበቃ ምክንያት የተፈረደባቸው ሰዎች ስንት እንደሆኑ ብጠይቅ አንዳቸውም አልቆጠሩም። ለአጥፊው እናት ተሰጠችው፤ ለተበዳዩ ስም እንኳ አልወጣለትም። የእኔ እናት ጤነኛ ነበረች። ሽጉጥ የደገነብኝ የለም። ስለዚህ የሥራ ዘመኔን እኔው ልጻፈው።

የመጀመሪያ ሥራዬ ጉመር ወረዳ፣ አረቅጥ ከተማ ነበር፤ ረዳት ዐቃቤ ሕግ። የጉመር ብርድ አጥንት ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ዓይነት ነው። ስለ ደመወዙ የሚጻፍ ነገር የለም። አለቃዬ ካፖርታቸውን ቢሮ ውስጥም የማያወልቁ ሰው ነበሩ፤ መዝገብ የሚያዩት ከምሳ በፊት ብቻ ነው፤ ከምሳ በኋላ መዝገቡ እሳቸውን ያያቸዋል። አንድ ቀን በገብስ ማሳ ድንበር ተጣልቶ ጎረቤቱን የፈነከተ ገበሬ ላይ ክስ እንዳዘጋጅ ሰጡኝ። «አረመኔያዊ በሆነ ጭካኔ» ብዬ ጻፍኩ። ቁስሉ ሁለት ስፌት ነበር። አለቃዬ ክሱን ከፍ አድርገው ያዙና፣ «አንተ ልጅ ትጽፋለህ!» አሉኝ። ለሁለት ስፌት አረመኔ የተባለው ሰውዬ ምን እንደተሰማው አልጠየቅኩም። ያ ሙገሳ ግን ከካፖርት በላይ አሞቀኝ፤ እንደሱ ያለ ለማግኘት ስል ከዚያ በኋላ ብዙ ጻፍኩ።

ወደ ጥብቅና የገባሁት ወልቂጤ ነው፤ በአቶ ንጋቱ ሥር። አቶ ንጋቱ በወጣትነታቸው ከጎጃም በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ተመድበው መጥተው፣ ወልቂጤ አግብተው ወልደው የቀሩ ጠበቃ ነበሩ። ቢሯቸው ከአንድ የቧንቧ ዕቃ መደብር ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ባለጉዳይ ሲገባ እስክሪብቶውን ከድነው ኪሳቸው ይከቱታል። ሰው እየተናገረ አይጽፉም። «የምትጽፍ ከሆነ ሰውዬው ላንተ አይናገርም፤ ለወረቀቱ ነው የሚናገረው» ይላሉ። ጉዳዩን ሦስት ጊዜ ያስነግሩታል። መጀመሪያ ከሥር ጀምሮ፤ ቀጥሎ ከመጨረሻው ወደ ኋላ፤ ሦስተኛው በባላጋራው አፍ። «አሁን አንተ እሱ ነህ። ክሰስ ራስህን» ይሉታል። ስንቱ ነጋዴ፣ ስንቱ ኮስታራ ሽማግሌ እዚያች ወንበር ላይ በባላጋራው ድምፅ ሲናገር ላብ ሲያጠምቀው አይቻለሁ። የሚናገረው ካጣ አቶ ንጋቱ ጉዳዩን አይዙም። «ባላጋራውን ያልሰማ ሰው ለኔም አይነግረኝም» ብለው ያሰናብቱታል።

እኔ የጻፍኩትን ሲያርሙ ቅጽሎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ነው። «ይሄ ምንድነው? 'ግፈኛ'? ግፉን ጻፍ፤ ግፈኛውን ዳኛው ራሱ ያገኘዋል።» ያዘጋጁትን ማመልከቻ ሁሉ ከመፈረሙ በፊት ለባለጉዳዩ ጮክ ብለው ያነቡለታል፤ አማርኛ ካልዘለቀው ሚስታቸውን ይጠሩና በጉራግኛ ያስነግሩታል። «ሰው ያልገባው ወረቀት ላይ ጣቱን ካሳረፈ ጣቱን ቆርጠህ ወሰድክበት ማለት ነው» ይሉኝ ነበር። አንድ ሌላ ሕግም ነበራቸው፤ ሽማግሌ በተቀመጠበት የአንድ ወገን ጠበቃ አይቀመጥም። ዕርቅ ሲሰሙ ከዚያ ሰፈር ይጠፋሉ።

ከእሳቸው ዘንድ አራት ዓመት ቆየሁ። ከዚያ የራሴን ቢሮ ከፈትኩ። ሥራውን ችዬዋለሁ ብዬ አመንኩ፤ የሚያስከፋው ደግሞ እውነትም ችዬው ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ወይዘሮ ብርቄ ከጉንችሬ በእግር አንድ ሰዓት ያህል በሚያስኬድ መንደር የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ከቤታቸው ጀርባ ሰፊ እንሰት ነበራቸው። እንሰት ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ተክሎ ለመብላት ዓመታት ይፈጃል፤ በየዓመቱ የሚነቀለውን የሚተካ ችግኝ ካልተከታተለ ሰንሰለቱ ይቆረጣል። የወይዘሮ ብርቄ ሰንሰለት ተቆርጦ አያውቅም። የባላቸው ወንድም አቶ ዘነበ አዲስ አበባ የሚነግድ ሰው ነው። መሬቱ የአባቴ ነው፣ ወንድሜ በአደራ ነበር የያዘልኝ አለና ከሰሰ። ጠበቃው እኔ ነበርኩ።

ጉዳዩ ደካማ ነበር። መዝገቡ ላይ ያለው የሟቹ ስም ነው። ምስክሮቻችን ሁለት የአጎት ልጆች ናቸው፤ ስለ አደራው ሲጠየቁ አንዱ ሌላውን ያያል። ብንሸነፍ የሚገርም አልነበረም።

ክርክሩ ላይ ሳለን አቶ ዘነበ መሬት የሚለኩ ሰዎች ገመድ አስይዞ ላከ። ወይዘሮ ብርቄ እንሰት እየፋቁ ነበር። የያዙትን የመፋቂያ ቀርከሃ ይዘው ወጡና የአንዱን ለኪ ትከሻ አቀመሱት። ሰውዬው ዘመድ ስለነበረ ነገሩ ፖሊስ ሳይደርስ ሽማግሌ ተቀመጠ። የተቀመጡት ጀፎረው ላይ ነው፤ ጀፎረ በመንደሩ መሐል፣ በግራና በቀኝ በተሰለፉት ቤቶች ፊት የሚያልፈው ሰፊ የሣር መንገድ ነው፤ ለቅሶውም ሠርጉም ዕርቁም እዚያ ነው። አምስት ሽማግሌዎች ነበሩ። እኔም ከደንበኛዬ ጋር ሄድኩ። የአቶ ንጋቱ ሕግ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ የሚያስታውስ ሁሉ አይታዘዝም።

እኛ ጋ ሽማግሌ ፊት የቆመ ሰው መጀመሪያ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ተበዳይም ቢሆን «ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል። ይህን ማለት ጥፋትን ማመን አይደለም፤ ለሽማግሌው መንገድ መልቀቅ ነው። ቀድሞ ይህን የተናገረ ሰው ይከበራል እንጂ አይናቅም። ይህን የማያውቅ የአካባቢው ሰው የለም። እኔ ደግሞ ተወልጄ ያደግኩት ጉንችሬ ነው።

ወይዘሮ ብርቄ ተነሱ። ነጠላቸውን አጣፉ። በጉራግኛ የተናገሩት ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህ ነው፤ «እናንተ እያላችሁ ጥፋቱ የኔ ነው። እጄን አንስቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ። መሬቱ ግን የልጆቼ አባት መሬት ነው፤ እሱን ለሽማግሌም አልሰጥም።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አንደኛው፣ «ብርቄ፣ እኛን ደግሞ በቀርከሃው እንዳትደግሚን!» አሏቸው። «እናንተ ገመድ ይዛችሁ ካልመጣችሁ አልደግማችሁም» ብለው መለሱ። ተመረቁ። ከዚያ የጉባኤው ታላቅ ወደ እኔ ዞሩና፣ «አንተ የኛ ልጅ፣ የተማርክ፤ ጻፍልን እስቲ» አሉኝ።

«አባ፣ የአንዱ ወገን ጠበቃ ነኝ፤ ሌላ ሰው ይጻፍ» ማለት ነበረብኝ። የስምንት ቃል ነገር ነው። አላልኩም። ወረቀት አወጣሁ።

የጻፍኩት እንዲህ ነው፤ «ወይዘሮ ብርቄ በአቶ ዘነበ ይዞታ ላይ ለፈጸሙት ጥፋት በደለኛነታቸውን አምነው በሽማግሌዎች ፊት ይቅርታ ጠይቀዋል።» ሥራውን ተመልከቱልኝ። ጥፋት አሉ? ብለዋል። ይቅርታ ጠየቁ? ጠይቀዋል። ስርቆቱ ያለው «በአቶ ዘነበ ይዞታ ላይ» የሚለው ውስጥ ነው፤ ጠቡ የተነሳበትን ቦታ ለመጠቆም ብቻ የገባ ይመስላል። ቅጽል የለበትም። አቶ ንጋቱ ያስተማሩኝን ሁሉ ተጠቅሜበታለሁ። ያችን ቀርከሃ ያነሳች ሴት በዳኛ ፊት ማን እንደምትመስል ያወቅኩትም በባላጋራ አፍ መናገርን እሳቸው ስላስለመዱኝ ነው።

ከዚያ አነበብኩላቸው። አማርኛውን በጉራግኛ እየመለስኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፤ «ብርቄ እጇን ስላነሳች ይቅርታ ጠየቀች፤ የመሬቱን ነገር ፍርድ ቤት ይየው ተባለ።» ሽማግሌዎቹ «ልክ ነው» አሉ። ከአምስቱ አማርኛ ማንበብ የሚችል አልነበረም። በማኅተም ቀለም አውራ ጣታቸውን እየነከሩ አንድ በአንድ አሳረፉ። ወይዘሮ ብርቄም አሳረፉ። አሻራቸው ጥርት ብሎ እንዲወጣ ጣታቸውን ደግፌ የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።

የሚከተለውን ድራማው አይነግራችሁም። ደስ አለኝ። ፍርሃት የለ፣ የኅሊና ወቀሳ የለ። ጥሩ ቁልፍ የሠራ ሰው ደስታ ነበር።

ፍርድ ቤት ወረቀቱን አቀረብኩ። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጠረጴዛው ላይ የመዝገብ ክምር ነበረበት። ወይዘሮ ብርቄን አስነሳቸው።

«ይህ አሻራ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ጥፋተኛ ነኝ ብለዋል?»

«ብያለሁ። ለሽማግሌ ነው ያልኩት።»

«ለማንም ይበሉት፤ ብለዋል አይደል?»

ወይዘሮ ብርቄ አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ለቅቤና ለሽንኩርት ይበቃል፣ ለዳኛ አይበቃም። ዞረው እኔን አዩኝ። ከችሎቱ ሰው ሁሉ ቋንቋቸውን የማውቅ እኔ ስለሆንኩ እንዳስረዳላቸው ፈልገው ነው። እኔ ወረቀቴን አየሁ።

ተፈረደባቸው። ደረጃው ላይ ደረሱብኝ። የፍርዱን ይዘት ሴት ልጃቸው ነግራቸዋለች። አልጮኹም።

«ለኛ ያነበብከው ሌላ ነው፤ ለሱ የሰጠኸው ሌላ ነው» አሉኝ። «አንድ ወረቀት እንዴት ሁለት አፍ ይኖረዋል? አንተ ነህ ያበቀልክለት?» መልስ ሳይጠብቁ ወረዱ። ይግባኝ አላሉም። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ በአፌ ተናግሬ ለማን ልከራከር ብለው ቀሩ።

የፍርዱንና የቃለ ጉባኤውን ግልባጭ ይዤ ወልቂጤ ሄድኩ። አቶ ንጋቱ እንዲያደንቁኝ ነበር የፈለግኩት፤ ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል። መነጽራቸውን አድርገው ቃለ ጉባኤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። እስክሪብቷቸውን ከድነው ኪሳቸው ከተቱ።

«ቁጭ በል» አሉኝ ወደ ባለጉዳዩ ወንበር እያሳዩኝ። «አሁን አንተ ብርቄ ነህ። ንገረኝ።»

ጀመርኩ። ቀርከሃው ላይ ስደርስ ደህና ነበርኩ። ጣቴን ወረቀቱ ላይ ደግፎ የያዘው ሰው ላይ ስደርስ ድምፄ ጠፋ።

«ጉዳይህን አልይዝም» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ዘንድ ሥራ ሊማር የመጣ ወጣት ሁሉ ሲመለስ ሰማሁ። «አንድ አስተምሬ ነበር፤ ይበቃኛል» ይሉ ነበር አሉ። እስኪሞቱ ድረስ አላነጋገሩኝም።

እንሰቱ ተነቀለ። በቦታው የብረት በር ያለው ግንብ ቤት ቆመ። ቤቱ የሚከፈተው ለመስቀል ነው፤ በሬው ታርዶ፣ ክትፎው ተበልቶ ሲያበቃ ተቆልፎ እስከ ከርሞ ይዘጋል። ወይዘሮ ብርቄ ጉንችሬ ልጃቸው ዘንድ ተጠግተው ቆጮ ከገበያ እየገዙ ይበላሉ። በእንሰት ውስጥ ያረጀች ሴት ቆጮ ገዝታ መብላቷ ምን እንደሆነ የኛ አገር ሰው ያውቀዋል።

እኔስ? ስሜ ወጣ። ያን ጉዳይ የሰማ ሁሉ ወደ እኔ መጣ። ዓመታት በደንብ ሠራሁ፤ ቡታጅራም ቢሮ ከፈትኩ። ኅሊናዬ ቀሰቀሰኝ ብዬ ብዋሽ ደስ ይለኝ ነበር። የቀሰቀሰኝ አንድ የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ነው። ማመልከቻ ላስጽፍ ገብቼ ጸሐፊዋ የሌላ ሰው ወረቀት እያዘጋጀች ነበር። ስክሪኑ ላይ አነበብኩ፤ «ወይዘሮ ... በአቶ ... ይዞታ ላይ ለፈጸሙት ጥፋት በደለኛነታቸውን አምነው ...» የስሙ ቦታ ክፍት ነው።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«የቆየ ነው ጋሼ። የሽማግሌ ቃለ ጉባኤ የሚያስጽፍ ሁሉ የሚፈልገው ይሄን ነው። ስም ብቻ ነው የምንሞላው።» ከዚያ በኩራት፣ «ከወልቂጤም ይህንኑ ሊወስዱ መጥተው ያውቃሉ» አለችኝ።

ስንት ስም እንደተሞላ አላውቅም። ሁሉም «ወይዘሮ» እንደነበሩ ግን እገምታለሁ። በዚያው ሳምንት ፈቃዴን መለስኩ። የተቀበለችኝ ጸሐፊ ምክንያት በሚለው ቦታ «ጡረታ» ብላ ሞላችው፤ ሌላ ምርጫ ቅጹ ላይ የለም አለችኝ።

ጉንችሬ ሄጄ ለወይዘሮ ብርቄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «እና አሁን ይቅር ልበልህ ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

«አይደለም እማማ። ፍርዱ እንደገና እንዲታይ ማመልከት ይችላሉ። እኔ እመሰክራለሁ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው ልትል?»

«አዎ።»

«ለኔ አትበለኝ። እኔ ብዬው ያገኘሁትን አይተሃል። ሂድና ለዳኛው በለው።»

አመለከቱ። ፍርድ በሐሰተኛ ሰነድ ላይ ተመሥርቶ እንደተሰጠ ከተረጋገጠ ሕጉ እንደገና እንዲታይ ይፈቅዳል። እኔም ቃለ መሐላ ፈጽሜ፣ በመዋሸቴ ልጠየቅ እንደምችል አውቄ፣ የጻፍኩትንም ያነበብኩትንም አስመዘገብኩ። አቶ ዘነበ በእኔ ቦታ የያዘው ጠበቃ ጎበዝ ነው። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ ሰው ያኔ ዋሽቻለሁ እያለ ነው። የዋሸው ያኔ ይሁን ዛሬ በምን እናውቃለን?» አለ። ልክ ነው። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ እል ነበር፤ ምናልባት ከእሱ አሳምሬ። ፍርድ ቤቱ ጉባኤው ላይ የነበረ ሌላ ሰው ይቅረብ ብሎ ቀጠሮ ሰጠ።

ከአምስቱ ሽማግሌዎች ሦስቱ አርፈዋል። ሁለቱ አሉ። ሁለቱንም ለምኛቸዋለሁ። አንደኛው ወደ ልጃቸው ቤት ሄደዋል ተባልኩ። ሌላኛው በር ላይ ቆመው፣ «ሽማግሌ ያሰረውን ራሱ ሽማግሌው ይፍታ? ጣቴን አሳርፌ ሳበቃ ጣቴ ዋሸ ልበል?» አሉኝ። እፍረታቸው ይገባኛል። እፍረቱ ግን የእሳቸው አይደለም፤ የሰሙትን ነው ያጸደቁት። ይህን ደጋግሜ ነገርኳቸው፤ ከእኔ አፍ የወጣ ነገር ከእንግዲህ አያሳምናቸውም።

ይህን የምታነብ ሰው፣ ድራማ ስላየህ አልወቅስህም፤ ለጠበቃውም አልቅስለት ከፈለግክ። አባትህ ወይም አጎትህ ከጉንችሬ በላይ ባለው ጀፎረ ላይ የብርቄን ዕርቅ ከተቀመጡት አንዱ ከሆኑ ግን ይህን ጽሑፍ በጉራግኛ አንብብላቸው። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ አንብብ። ከዚያ እጃቸውን ይዘህ ፍርድ ቤት አምጣቸው፤ ወይዘሮ ብርቄ ያን ቀን ስለ መሬቱ ምን እንዳሉ ለዳኛው ይንገሩት። ሌላ ምንም አልጠይቅህም። አምጣቸው።